ተከታይ ከማብዛት በፊት አመኔታን ማጽናት
የአጥቢያን የልማት ሥራ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ማስተዋወቅ፤ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

የቤተ ክርስቲያን ጥሪ ከምእመናን ጆሮ የሚደርስባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ደወል የአጥቢያውን ምእመን ለጸሎት ይሰበስባል፤ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የሚነገረው ማስታወቂያ የሳምንቱን ጉዳይ ያሳውቃል፤ በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር የሚነሣው ቁም ነገር ደግሞ ከቤት ወደ ቤት ይዳረሳል። ሰበካ ጉባኤ የሚመራበት ደንብ «ቃለ ዓዋዲ» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ትርጕሙ የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። ማወጅ፣ ማሳወቅና መጥራት ከሰበካ ጉባኤ ሥራ ውጭ የሆነ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ከስሙ እንረዳለን።

ዛሬ ግን የአጥቢያው ልጆች ሁሉ በደወሉ ድምፅ ክልል ውስጥ አይኖሩም። ከፊሎቹ ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ ገብተዋል፤ ከፊሎቹ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በዱባይ፣ በቤሩት በሰው ቤት ያገለግላሉ፤ ሌሎቹም በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ይኖራሉ። ክርስትና የተነሡበትን፣ አባት እናታቸው ያረፉበትን ደብር ግን አልረሱም። ስለ ደብራቸው የሚሰሙት በእጅ ስልካቸው ነው። በዚያ ስልክ ላይ አጥቢያው ራሱ ካልተናገረ፣ ስለ አጥቢያው ሌላ ሰው ይናገራል። የሚናገረው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ቅን ሰው ላይሆን ይችላል።

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው አንድ አጥቢያ የልማት ሥራውን፣ ማለትም ምንጭ ማጎልበትን፣ የችግኝ ተከላን፣ የአብነት ትምህርት ቤት ግንባታን ወይም የአረጋውያን መርጃን በማኅበራዊ ሚዲያ ለማሳወቅ ሲነሣ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮችን በቅደም ተከተል ለማቅረብ ነው። ነጋዴዎች ይህንን ሙያ ማርኬቲንግ ይሉታል። ከሙያው የምንማረው አለ፤ የምንተወውም አለ። አድማጭን ማወቅ፣ ሳያቋርጡ መናገር፣ የሚፈለገውን ነገር በግልጽ መጠየቅ የሚወሰዱ ናቸው። ማጋነን፣ ማጣደፍና ሰውን በማሳፈር እጁን ማስዘርጋት ግን ለቤተ ክርስቲያን ሥራ አይስማሙምና ለባለቤቶቻቸው እንተዋቸዋለን።

፩. መሣሪያዎቹን በየጠባያቸው ማወቅ

ማኅበራዊ ሚዲያ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ያሉት መድረኮች ጠባያቸው ይለያያል። ልዩነታቸውን ሳያውቁ በሁሉም ላይ ገጽ መክፈት፣ አራት ማሳ አርሶ አንዱንም ሳያርሙ እንደ መተው ነው።

ፌስቡክ የጻፍነውን ሁሉ ለተከታዮቻችን ሁሉ አያሳይም። ለማን ምን እንደሚታይ የሚወስነው አልጎሪዝም የተባለው የኮምፒዩተር ቀመር ነው። ቀመሩ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ያነበበውን፣ አስተያየት የሰጠበትንና ለሌላ ያጋራውን እየተመለከተ ቀጥሎ ምን እንደሚወድ ይገምታል። ስለዚህ አሥር ሺሕ ተከታይ ያለው ገጽ የሚጽፈውን ጥቂቶች ብቻ የሚያዩበት ጊዜ አለ፤ አምስት መቶ ተከታይ ያለው ግን ከሰዎቹ ጋር በእውነት የሚነጋገር ገጽ በአንጻሩ ብዙ ሊነበብ ይችላል። በፌስቡክ የግል አካውንትና «ፔጅ» የሚባለው ገጽም የተለያዩ ናቸው። የግል አካውንት ከ5,000 በላይ ጓደኛ መያዝ አይችልም፤ የአንድ ሰውም ንብረት ነው። ፔጅ ግን ይህ ገደብ የለበትም፤ ከአንድ በላይ አስተዳዳሪዎችም በጋራ ሊይዙት ይችላሉ። ለአጥቢያ የሚገባው ሁለተኛው ነው።

ቴሌግራም በአገራችን በስፋት የሚሠራበት መድረክ ነው። በቴሌግራም «ቻናል» ላይ የሚጽፉት አስተዳዳሪዎች ብቻ ናቸው፤ የተጻፈውም ለአባላቱ ሁሉ በቅደም ተከተል ይደርሳል። ጽሑፍን፣ ድምፅን፣ ፎቶግራፍንና ሰነድን በቀላሉ ይይዛል፤ እያንዳንዱ መልእክት ስንት ጊዜ እንደታየም ያሳያል። «ግሩፕ» ግን ሁሉም የሚናገርበት አደባባይ ነውና ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ዩቲዩብ ረጅም ስብከትን፣ የበዓል ሥርዓትንና የልማት ሥራን ሒደት የሚያሳይ ፊልም ለማኖር ይመቻል፤ ከዓመታት በኋላም የሚፈልገው ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። ቲክቶክ ደግሞ አጭር ቪዲዮን ፈጽሞ ለማያውቁን ሰዎች ጭምር ያሳያል። ይህ ጥቅሙ ነው፤ ነገሩን ከቦታውና ከምክንያቱ ነጥሎ ማሳየቱ ደግሞ ጉዳቱ ነው።

የገጠር አጥቢያ አባላት የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዙት በብርቱ ድካም ባገኙት ገንዘብ መሆኑም አይዘነጋ። ከረጅም ቪዲዮ ይልቅ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍና ስድስት መስመር ጽሑፍ፣ ወይም የደብሩ አስተዳዳሪ የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት በአነስተኛ ወጪ ይደርሳል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም የድምፅ መልእክት እጅግ የተመቸ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለአብዛኛው አጥቢያ የሚበቃው አንድ የቴሌግራም ቻናልና አንድ የፌስቡክ ፔጅ ነው። ሌላው አቅም ሲጎለብት ይታሰብበታል።

፪. የምንናገረው ለማን ነው?

«ለሁሉም» ተብሎ የተጻፈ መልእክት ማንንም አይነካም። አንድ አጥቢያ ቢያንስ ሦስት ዓይነት አድማጮች አሉት።

የመጀመሪያዎቹ በአጥቢያው የሚኖሩ ምእመናን ናቸው። እነዚህ ሥራውን በዓይናቸው ያያሉ። ከገጹ የሚፈልጉት የስብሰባ ጊዜን፣ የጉልበት ሥራ ተራን፣ የገቢና የወጪ መግለጫን ነው። ከእነርሱ የተሰወረ ነገር በገጹ ላይ ቢወጣ፣ ወይም እነርሱ የሚያውቁት እውነት ተለውጦ ቢነገር፣ ወሬው በአንድ ቀን ውጭ አገር ድረስ ይሄዳል።

ሁለተኛዎቹ በከተሞች የሚኖሩ የአጥቢያው ተወላጆች ናቸው። በዓመታዊው ንግሥ የሚመጡ፣ ሙያና ዕውቀት ያላቸው፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ የሒሳብ ባለሙያ የሆኑ ልጆች በመካከላቸው አሉ። ከእነዚህ ገንዘብ ብቻ መጠየቅ ሀብታቸውን ማሳነስ ነው። የምንጩን ንድፍ የሚመረምር ባለሙያ ከተገኘ የሚድነው ገንዘብ ከብዙ መዋጮ ይበልጣል።

ሦስተኛዎቹ በውጭ አገር ያሉት ናቸው። እነዚህ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ማረጋገጫ ነው፤ ሄደው ማየት አይችሉምና። ለእነርሱ የሚጻፍ መልእክት ሰዓትንና ቀንን ማገናዘብ አለበት። በኢትዮጵያ ከምሽቱ 2፡00 ሰዓት ሲሆን በሪያድ ያው ነው፤ በዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል፤ በዋሽንግተን ግን እንደ ወቅቱ እኩለ ቀን ወይም ከዚያ አንድ ሰዓት ያለፈ ይሆናል። ቀን ሲጠቀስም በሁለቱም አቆጣጠር ቢሆን መልካም ነው። ለምሳሌ ጥር 11 ቀን በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ይህችን የአንድ ቀን ልዩነት አለማስተዋል፣ በዓሉን ከሩቅ ለመከታተል ከአሠሪው ፈቃድ ለምኖ ያገኘውን ሰው በዓሉን ያሳልፈዋል።

፫. ምን እንናገር?

ስለ ልማት የሚነገር መልእክት አራት ነገሮችን በየተራ መያዝ ይገባዋል፤ ችግሩን፣ መፍትሔውን፣ የሚጠየቀውን ድርሻ፣ የተገኘውን ውጤት። ብዙ ገጾች ችግሩን ደጋግመው ይናገራሉ፤ ገንዘብም ይጠይቃሉ፤ ውጤቱን ግን ይዘነጉታል። ውጤት ያልተነገረው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እጁን ቢሰበስብ የሚፈረድበት አይደለም።

ከአገራችን የሚጠቀስ መልካም ምሳሌ አለ። በደቡብ ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉት ደኖች፣ ዙሪያቸው ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ከጥንት ዛፎች የቀሩ ደሴቶች ናቸው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እና አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ምሁር ማርጋሬት ላውማን ስለ እነዚህ ደኖች ከካህናት ጋር ሲመካከሩ፣ ከሳተላይት የተነሡ ምስሎችን አሳይተዋቸው ነበር። ካህናቱ በየዕለቱ የሚመላለሱበት ደን ከላይ ሲታይ ምን ያህል እየጠበበ እንደሄደ ከምስሉ ተረዱ። መፍትሔውም ከዚያው ከመንደሩ የወጣ ነበር፤ ከእርሻ ላይ ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ መካብ። ገበሬው ማሳው ከድንጋይ ይጸዳለታል፤ ከብት ወደ ደኑ አይገባም፤ ከዛፎቹ ሥር የበቀለው ችግኝም ሳይረገጥ ያድጋል። ይህ ታሪክ በፎቶግራፍና በፊልም ለዓለም ሲነገር ብዙ ሰው የሰማው ከአራቱ ነገሮች አንዱም ስላልጎደለበት ነው። ችግሩ በአንድ ምስል ይታያል፤ መፍትሔው ማንም የሚረዳው ነው፤ የሚጠየቀው ድርሻ የታወቀ ነው፤ ውጤቱም በዓይን የሚታይ ካብና በካቡ ውስጥ የሚያድግ ችግኝ ነው።

ይህንኑ ሥርዓት ወደ አንድ የታሰበ አጥቢያ እንውሰደው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው። አጥቢያው ምንጭ ለማጎልበት አስቦ በገጹ ላይ እንዲህ ቢጽፍ፦

«ውኃ ለተጠማው ሕዝባችን እንድረስለት! ሁላችሁም ሼር አድርጉ! ይህንን አይቶ ያለፈ በረከት ያልፈዋል!»

መልእክቱ ይጮኻል እንጂ አያስረዳም። ስንት ሰው፣ የት፣ በምን ያህል ገንዘብ፣ በማን እጅ የሚሉትን አይመልስም። በመጨረሻው ላይ ያለው ማስፈራሪያም የልግስናን መንፈስ ይሰብራል። በዚህ ፋንታ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«የአጥቢያችን እናቶች ውኃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይጓዛሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ምንጭ ለማጎልበት በባለሙያ የተጠናው ወጪ 480,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ምእመናን በድንጋይ፣ በአሸዋና በጉልበት 120,000 ብር የሚገመት ድርሻ አበርክተዋል። እስከ ዛሬ 210,000 ብር በጥሬ ገንዘብ ተሰብስቧል። የቀረው 150,000 ብር ነው። ሥራው ከመስቀል በዓል በኋላ ይጀመራል፤ የገንዘቡን አጠቃቀም በየወሩ መጨረሻ በዚህ ገጽ እንገልጻለን።»

ሁለተኛው ጽሑፍ ማንንም አይለምንም ለማለት ይቻላል፤ ይልቁንም አንባቢውን እንደ ባለ ድርሻ ቆጥሮ ያማክረዋል። የአጥቢያው ሕዝብ አስቀድሞ የራሱን ድርሻ ማውጣቱ መነገሩም ትልቅ ኃይል አለው። በጎ አድራጊው የሚረዳው ተስፋ የቆረጠን ሳይሆን ሥራ የጀመረን ሕዝብ መሆኑን ያያልና።

ቃል ከተገባ በኋላ ቃሉን መጠበቅ ይከተላል። «በየወሩ መጨረሻ» ከተባለ፣ በዚያ ወር ሥራው በዝናብ ምክንያት ቢቆም እንኳ መቆሙ ይነገር። ሲሚንቶ ዋጋው ጨምሮ ወጪው ከታሰበው ቢያልፍ ይገለጽ። መጥፎ ዜና በጊዜው ከባለቤቱ ሲሰማ አመኔታን ያጸናል፤ ከሌላ ሰው ሲሰማ ግን ያፈርሳል።

፬. የዓመቱ መርሐ ግብር

ገጽ ከፍቶ ሁለት ሳምንት በየቀኑ መጻፍና ከዚያ ስድስት ወር ዝም ማለት የብዙዎች ድካም ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በታወቀ ቀን የሚወጣ መልእክት ከዚህ እጅግ ይሻላል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የተዘጋጀ የጊዜ ሥርዓት ስላላት፣ መርሐ ግብሩን ከባዶ መጀመር አያስፈልግም።

በመስከረም አዲሱን ዓመትና የመስቀልን በዓል ምክንያት በማድረግ የዓመቱ ዕቅድ ይገለጻል። ከጥቅምት እስከ ጥር ዝናብ የማይበዛበት የግንባታ ወቅት በመሆኑ በአብዛኛው አካባቢ የሥራው ሒደት በምስል ይታያል። በዐቢይ ጾም ስለ ምጽዋትና ስለ አረጋውያን መርጃ ይነገራል። በግንቦት የችግኝ ዝግጅት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ተከላው ይቀርባል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ስለሆነ በሐምሌ የዓመቱ የሒሳብ መግለጫ ይወጣል። የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ በሚውልበት ወር ከሩቅ የሚመጡ ሁሉ ሥራውን በአካል የሚጎበኙበት ሰዓት ቢዘጋጅ፣ በስልክ የተጀመረው ግንኙነት ፊት ለፊት ይጸናል።

፭. አመኔታ፤ የሁሉ መሠረት

በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በቤተ ክርስቲያን ስም ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን የተላከ አይደለም። የአንድን ደብር ፎቶግራፍና ማኅተም ገልብጦ፣ ከስሙ ላይ አንዲት ፊደል ለውጦ፣ የራሱን የስልክ ቁጥር የሚያስቀምጥ አታላይ ይኖራል። በዚህ የሚጠፋው የተሰረቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የተታለለው ምእመን ቀጥሎ ለሚመጣው እውነተኛ ጥሪም ልቡን ይዘጋል። ይህንን ለመከላከል የሚከተሉት ነገሮች በሰበካ ጉባኤ ውሳኔ፣ በቃለ ጉባኤ ተይዘው መፈጸም ይኖርባቸዋል።

አንደኛ፣ ገጹ የግለሰብ አይሁን። ብዙ ጊዜ የደብሩ ገጽ በአንድ ትጉህ ወጣት ስልክ ይከፈታል። ወጣቱ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፣ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ቅያሜ ሲፈጠር ገጹ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በአጥቢያው ስም የተመዘገበ ሲም ካርድ ተገዝቶ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ፤ ገጾቹም በዚያ ቁጥር ይከፈቱ። ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎች ይኑሩ። በግለሰብ ቁጥር ተከፍቶ የቆየ የቴሌግራም ቻናል ባለቤትነቱን ለሌላ አካውንት ማስተላለፍ ይቻላል፤ ለዚህም አስቀድሞ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የተባለውን የይለፍ ቃል ማብራትና ቢያንስ ሰባት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ማረጋገጫ ከሌቦችም ይጠብቃልና በሁሉም መድረኮች ላይ ይብራ። በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም መንገር አይገባም፤ ጠያቂው የሚያውቁት ሰው ቢመስልም።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ በግለሰብ ስም አይሰብሰብ። በባንክም ሆነ በቴሌብር የሚገለጸው ቁጥር በቤተ ክርስቲያኑ ስም የተከፈተና በጣምራ ፊርማ ወይም በጋራ ኃላፊነት የሚንቀሳቀስ ይሁን። ለተቀበሉት ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ በውጭ ላለው ሰው የደረሰኙ ፎቶግራፍ ይላክለት። ስሙ እንዲገለጽ የማይፈልግ ቢኖር ፈቃዱ ይጠበቅለት።

ሦስተኛ፣ እውነተኛዎቹ ገጾች የትኞቹ እንደሆኑ ከማኅበራዊ ሚዲያ ውጭ ይነገር። በቤተ ክርስቲያኑ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ በዐውደ ምሕረት ይነበብ፤ ለወረዳ ቤተ ክህነትም በደብዳቤ ይገለጽ። አስመሳይ ገጽ ሲገኝ ለመድረኩ ባለቤት ጥቆማ ማድረግ፣ በእውነተኛው ገጽ ምእመናንን ማስጠንቀቅና ለፖሊስ ማመልከት ይከተላል።

አራተኛ፣ ማንኛውም መልእክት ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ በሁለት ሰው ዓይን ይታይ። ከሰበካ ጉባኤው አንድ፣ ከካህናት አንድ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ሆነው ሦስት ሰዎች ቢመደቡ ለዚህ በቂ ነው። ወጣቱ የመሣሪያውን ዕውቀት ያመጣል፤ ካህኑ የቃሉን ጤናማነት ይጠብቃል፤ የጉባኤው አባል የቁጥሩን ትክክለኛነት ያረጋግጣል።

፮. የሰውን ክብር መጠበቅ

ርኅራኄን ለመቀስቀስ ሲባል የታመመን፣ የተራበን ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ሰው ፊት በአደባባይ ማሳየት እየተለመደ መጥቷል። ሥዕሉ ብዙ ሰው ሊያየው ይችላል፤ ብዙ ገንዘብም ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን ያ ሰው ሲድን ወደ ቀየው ተመልሶ ይኖራል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ምስሉ ግን አይጠፋም። አንድ ጊዜ የወጣ ምስል ቢሰረዝም እንኳ አስቀድሞ ያወረደው ሰው እጅ ላይ ይኖራል።

ስለዚህ በጠበል ቦታ ያሉ ሕሙማን ፎቶግራፍ አይነሣ። የሕፃናት ምስል ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ፈቃድ አይውጣ፤ ከወጣም ስማቸው፣ የሚማሩበት ትምህርት ቤትና የመኖሪያ ቤታቸው አይገለጽ። ፈቃድ ሲጠየቅም ሰውዬው እርዳታውን እንዳያጣ ፈርቶ «እሺ» ከማለት ነጻ መሆን አለበት፤ ባይፈቅድም እርዳታው እንደማይቀርበት አስቀድሞ ይነገረው። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ መሰብሰብና ማሰራጨት በሕግ የሚያስጠይቅ ጉዳይ አድርጎታልና፣ ይህ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ነው። ችግርን ለማሳየት የግድ የተቸገረው ፊት አያስፈልግም። ባዶ ጀሪካን የተሰለፈበት የደረቀ ምንጭ፣ ጣሪያው ያፈሰሰ የአብነት ጎጆ፣ ውኃ ተሸክማ ከኋላ የምትታይ እናት ነገሩን በሚገባ ይናገራሉ።

ለካህናት ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለ። ገጹ ሲታወቅ ምእመናን በውስጥ መልእክት የነፍስ ጉዳይ ይዘው ይመጣሉ፤ ኀዘናቸውን፣ የትዳር ችግራቸውን፣ አንዳንዴም ኃጢአታቸውን ይጽፋሉ። ያንን ሣጥን ግን ሁለትና ሦስት ሰዎች ይከፍቱታል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ፣ «ይህ ገጽ በብዙዎች የሚነበብ ስለሆነ ጉዳይዎን እዚህ አይጻፉልን፤ ወደ ንስሐ አባትዎ ይቅረቡ፤ ከሌለዎት ካህን እናገናኝዎታለን» የሚል አስቀድሞ የተዘጋጀ በጎ ምላሽ ይሰጥ፤ የተጻፈውም ወዲያው ይጥፋ። የምእመኑ ምስጢር ከገጹ ዕድገት ይበልጣል።

፯. ጥያቄንና ተቃውሞን ስለ ማስተናገድ

የሚናገር ሰው ይጠየቃል። «ያለፈው ዓመት ገንዘብ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጠላት አይደለም፤ ብዙዎች በልባቸው የያዙትን እርሱ በአደባባይ አወጣው እንጂ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ማጥፋት ጥርጣሬን ያረጋግጣል። በአክብሮት «እርስዎ» ብሎ፣ በቁጥርና በሰነድ መመለስ ግን አንድን ጠያቂ ብቻ ሳይሆን ዝም ብለው የሚያነቡትን መቶዎች ያሳርፋል። መልሱ ወዲያው ካልተገኘ «ሒሳብ ሹሙን ጠይቀን እስከ ሐሙስ እንመልሳለን» ማለት ይበቃል፤ ሐሙስ ግን መመለስ ያስፈልጋል።

ስድብ፣ የብሔርና የሃይማኖት ጥላቻ ሲጻፍ ደግሞ መከራከር አይገባም፤ ማጥፋትና አስፈላጊ ከሆነም ጸሐፊውን ማገድ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚፈጸምን ጥፋት በተለየ ሁኔታ የሚመለከት ድንጋጌ አለው። ተከታይ ሲበዛ ኃላፊነትም እንደሚበዛ ከዚህ እንረዳለን። ያልተጣራ የግጭት ወሬ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቪዲዮ፣ የወገንተኝነት ፖለቲካ በልማት ገጽ ላይ ቦታ የላቸውም። ገጹ ስለ ምንጭና ስለ ችግኝ ሲናገር የሰበሰባቸውን ሰዎች በአንድ ቀን ልጥፍ ሊከፋፍላቸው ይችላልና።

፰. ፍሬውን በምን እንለካ?

የተከታይ ቁጥር ዓይን ይማርካል። ይህንንም የሚያውቁ ሰዎች ተከታይ በገንዘብ ይሸጣሉ። የተገዙት ተከታዮች ግን አያነቡም፣ አይጠይቁም፣ አይሰጡም፤ አብዛኞቹም በሐሰት የተፈጠሩ አካውንቶች ናቸው። አልጎሪዝሙም ማንም የማይነካውን ገጽ እንደማይፈለግ ቆጥሮ ለእውነተኞቹ ተከታዮች ጭምር ማሳየቱን ይቀንሳል። በቤተ ክርስቲያን ስም በሐሰት ቁጥር መታየትም ራሱ ሐሰት ነው።

ሰበካ ጉባኤው በየሦስት ወሩ ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ መልእክቱን ከሚያዩት ውስጥ ስንቶቹ ጥያቄ ጠየቁ? ስንቱ ጥያቄ ተመለሰ? አንድ ጊዜ ከሰጡት ውስጥ ስንቶቹ ሁለተኛ ሰጡ? በሙያቸው ለማገልገል የመጡ አሉ? በንግሥ ዕለት «በገጻችሁ አይተን መጣን» ያሉ ስንት ናቸው? ከእነዚህ ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ የሰጠው ሰው ቁጥር የበለጠ ይናገራል። የመጀመሪያው ስጦታ ከርኅራኄ፣ ሁለተኛው ከአመኔታ ይመጣልና።

ማጠቃለያ

ሥራውን ለመጀመር የሚከተለው ቅደም ተከተል ይበቃል። በመጀመሪያው ወር ሰበካ ጉባኤው ይወስናል፤ ሦስቱን ሰዎች ይመድባል፤ ሲም ካርዱን ያወጣል፤ ለሀገረ ስብከቱም በወረዳ ቤተ ክህነት በኩል ያሳውቃል። በሁለተኛው ወር ገጾቹ ይከፈታሉ፤ በዐውደ ምሕረትም ይነገራሉ፤ ገንዘብ ግን አይጠየቅም። ስለ ደብሩ ታሪክ፣ ስለ አገልግሎቱና ቀድሞ ስለተሠራው ሥራ ብቻ ይነገራል። በሦስተኛው ወር አንድ የልማት ሥራ፣ አንድ ብቻ፣ ከነሙሉ ሒሳቡ ይቀርባል። ያ ሥራ ተፈጽሞ ውጤቱ ሳይነገር ሁለተኛ ጥሪ አይደረግ።

ማኅበር የሚጸናው ጽዋው በተራ ሲደርስና ተረኛው በቀኑ ሲደግስ ነው። በስልክ የሚሰበሰበው የሩቅ ማኅበርም ሕጉ ከዚህ አይለይም፤ ቃል የተገባበት ቀን ሲደርስ የተባለው ነገር በገጹ ላይ ሊገኝ ይገባል።

ለሰበካ ጉባኤያት የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአሁኑ ጊዜ በአጥቢያችን ስም የተከፈቱ ገጾች ስንት ናቸው? የይለፍ ቃላቸው በማን እጅ ነው?
2. ከአጥቢያችን ተወላጆች መካከል በከተማና በውጭ አገር ያሉት በብዛት የት ይኖራሉ? ከእነርሱ ከገንዘብ ሌላ ምን ልንጠይቅ እንችላለን?
3. ባለፈው ዓመት ለሰበሰብነው ገንዘብ የተሟላ መግለጫ ሰጥተናል? ካልሰጠን አዲስ ጥሪ ከማድረጋችን በፊት እንዴት እናቅርበው?
4. እስከ አሁን ካወጣናቸው ፎቶግራፎች ውስጥ የባለቤቱን ክብር የሚነካ አለ? ቢኖር ምን እናድርግ?
5. ከላይ የቀረበውን የምንጭ ማጎልበት መልእክት ምሳሌ በማድረግ፣ ስለ ራሳችን አንድ የልማት ሥራ ከስድስት መስመር ያልበለጠ መልእክት በጋራ እንጻፍ። ችግሩ፣ መፍትሔው፣ ድርሻውና የውጤት መግለጫው ቀን ተሟልተዋል?